ይዘነው የምንሄደው ሥዕል፦ ስለ መልክዓ ምድር ፎቶግራፍና ስለ ራስ አተያይ



ከመካከላችሁ ዕድሜው ጠና ያለ ሁሉ አንድ የመልክዓ ምድር ሥዕል በኪሱ ይዞ አድጓል። 1 ብር ወደ ሳንቲም ከመለወጡ በፊት ኖቱ ፊት ለፊት የአንድ ልጅ ምስል፣ ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ ነበረበት። በአገራችን የዚያን ያህል ታትሞ በየሰዉ እጅ የዞረ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሌላ የሚኖር አይመስለኝም። የታክሲ ረዳት አጥፎ በጣቶቹ መሃል ሰክቶታል፤ እናቶች በመቀነታቸው ቋጥረውታል፤ ፏፏቴው በላብና በእድፍ እስኪደበዝዝ ድረስ ተገበያይተንበታል። አስተውሎ ያየው ጥቂት ነው፤ የማያውቀው ግን የለም። ጢስ ዓባይ ሲባል በሁላችንም ዓይን ድቅን የሚለው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ የሚወርድ ነጭ ውኃ ነው።

ካሜራ ይዛችሁ በየካቲት ወይም በመጋቢት ከባሕር ዳር ወደዚያ ብትወርዱ የምታዩት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀምሮ የሐይቁን ውኃ በሌላ በኩል መውሰድ ያዘ። በበጋ ከገደሉ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውኃው በአንድ ጥግ ቀጥኖ ይወርዳል። ብዙ ጎብኚ እዚያ ሲደርስ ይከፋዋል። «ጊዜው አይደለም» ይላል። አንዳንዱ ቀጭኑን ውኃ አስጠግቶ፣ ጥቁሩን ድንጋይ ከፍሬሙ ቆርጦ፣ የድሮውን ለማስመሰል ይለፋል። ዓይኑ ፊት ያለውን ገደል ትቶ ኪሱ ውስጥ ያለውን ያነሳል።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሰው ነው። ጥቁሩ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ የቀረው የውኃ ምልክት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው፣ ሁሉም ፊቱ ቆመዋል። መብራት አገኘን፣ ውኃ ሰጠን የሚል ታሪክ እዚያው አለ፤ የሚያነሳው አጥቶ። የራስ አተያይ የሚባለው ነገር የሚጀምረው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይዘነው የሄድነው ሥዕል ፊታችን ካለው ነገር ጋር ሳይገጥም ሲቀርና እኛ ከሥዕሉ ይልቅ ለነገሩ ስናደላ ነው። ይህን ማለት ቀላል ነው። ማድረጉ ለምን እንደሚከብድ ነው የምንነጋገረው።

ብዙ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች መፍትሔው ማንም ያልደረሰበት ቦታ መፈለግ ይመስላቸዋል። ስሜን ተራሮች ተነሥቷል፣ ገርዓልታ ተነሥቷል፣ ኤርታ አሌ ተነሥቷል፤ ስለዚህ ያልተነሣ ገደል ፍለጋ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፊሊፕ ሽሚት የተባለ ጀርመናዊ ዲዛይነር ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ ወስዶ አንድ ካሜራ ሠራ። ካሜራው ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ያውቃል፤ በዚያ ቦታ የተነሡና ኢንተርኔት ላይ የወጡ ፎቶዎችን ይቆጥራል፤ በዝተው ካገኛቸው መዝጊያውን ቆልፎ አላነሳም ይላል። ሽሚት ለገበያ አላሰበውም፤ እንድንወያይበት ነው። ቀልዱ ደስ ይለኛል። ፍርዱ ግን የተሳሳተ ሰው ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ቦታው ምን አደረገ? አንድ ሺህ ሰው እዚያ ቆሞ አንድ ዓይነት ሥዕል ቢያነሳ፣ ያለቀው ተራራው ሳይሆን አብረውት የመጡት ሐሳብ ነው። ያልተነሣ ገደል ያገኘውም ሰው ቢሆን እዚያ ሲደርስ የሚያነሳው ያንኑ ነው፤ ፀሐይ መጥለቂያ፣ ገደል አፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ጓደኛ፣ እጆቹን ዘርግቶ።

እዚህ ላይ አንሰል አዳምስን የሚያውቅ አድማጭ ሊቃወመኝ ይችላል፤ መቃወምም አለበት። የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ታላቁ መምህር አዳምስ የሚያስተምረው መዝጊያውን ከመጫን በፊት የተጠናቀቀውን ሥዕል በአእምሮ ማየትን ነበር። እሱም ሥዕል ይዞ ነበር ማለት ነው። እውነት ነው፤ ግን ከየት አመጣው?

አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። ዮሰሚቲ የተባለውን የካሊፎርኒያ ሸለቆ መጀመሪያ ያየው በ1916፣ በ14 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ብራውኒ የምትባለውን ትንሿን የኮዳክ ካሜራ የሰጡት በዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ተመላለሰ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1927 ከእጮኛውና ከጓደኞቹ ጋር ሃፍ ዶም ከሚባለው ግዙፍ ዐለት ፊት ለፊት ወጣ። በዚያ ዘመን ምስል የሚቀረጸው በመስታወት ላይ ነው፤ መስታወት ይከብዳል፤ ተሸክሞ የሚወጣው ጥቂት ነው። ዐለቱ ፊት ሲደርስ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያውን በቢጫ ፊልተር አነሣ። ከዚያ ቆም አለ። ቢጫ ፊልተር ሰማዩን በመጠኑ ብቻ ያጠቁረዋል፤ ሥዕሉ ዐለቱን በትክክል ያሳያል፣ ግን እሱ እዚያ ቆሞ የተሰማው ክብደት በውስጡ የለም። የመጨረሻዋን መስታወት አስገባና ጥቁር ቀይ ፊልተር አደረገ። ቀይ ፊልተር ሰማያዊ ብርሃን አያሳልፍም፤ ሰማዩ ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ በጥላ ውስጥ ያለውም የዐለት ፊት ይጨልማል፣ በረዶው ነጥቶ ይወጣል። «ሞኖሊት» የሚባለው ሥዕል የዚያች መስታወት ፍሬ ነው።

በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለችውን ቆም ማለት ልብ በሉልኝ። ቦታው ያው፣ ካሜራው ያው፣ ሰዓቱ ያው ነው። የተለወጠው ጥያቄው ነው። መጀመሪያ «ዐለቱ ምን ይመስላል?» አለ፤ ቀጥሎ «እኔ ፊቱ ስቆም ምን ይሆናል?» አለ። በአእምሮው ያየው ሥዕል ከፖስታ ካርድ የተቀዳ አልነበረም፤ አሥራ አንድ ዓመት ከተመላለሰበት ሸለቆና ከዚያች ቅጽበት የመጣ ነው። ነገሩ የሚያሳዝነው ዛሬ ዮሰሚቲ በሚታይበት ዝነኛ የመንገድ ዳር ሰው ትራይፖዱን በትራይፖድ ላይ ደርቦ የሚጠብቀው የአዳምስን ሰማይ መሆኑ ነው። የእሱ ግኝት ለሌላው የብር ኖት ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። አዳምስ ፎቶግራፍ አንሺ ከመሆኑ በፊት ፒያኖ ተጫዋች ሊሆን ይማር ነበር፤ ኔጌቲቩን እንደ ሙዚቃ ኖታ፣ ህትመቱን እንደ ጨዋታው ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሣው ሥዕል አለ። መኪናውን አቁሞ ሲሯሯጥ የብርሃን መለኪያውን አጣው፤ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር ከዚያ ተነሥቶ አሰላ። ሁለተኛ ሊደግም ሲል በመቃብሩ መስቀሎች ላይ የነበረችው የመጨረሻ ብርሃን ጠፋች። እንግዲህ ያን አንድ ኔጌቲቭ በሚቀጥሉት አሠርት ዓመታት ከ1,000 ጊዜ በላይ አትሞታል። በቀድሞዎቹ ህትመቶች ሰማዩ ገርጣ ያለ፣ ደመናም የሚታይበት ነው። እያረጀ ሲሄድ ሰማዩን እያጠቆረው፣ እያጠቆረው፣ በኋለኞቹ ላይ ጨረቃዋ በጥቁር ሰማይ ላይ ቀረች። አንድ ሰው፣ አንድ ኔጌቲቭ፣ በተለያየ ዕድሜ የተለያየ ሰማይ።

«እሱ ዮሰሚቲ ነበረው» የሚል ካለ አልፍሬድ ስቲግሊትዝን ይመልከት። ስቲግሊትዝ በሰው ፎቶግራፍ የታወቀ ነበር፤ አንድ ጸሐፊ የሥዕሎቹን ኃይል ሰዎቹን በሚያፈዝበት ችሎታ ሲያመካኝ ነገሩ አበሸቀው። የሚነሣው ሰው ነው እንጂ የሚያነሳው ምንም አይደለም እንደማለት ነው። ስለዚህ ማንም ሊያፈዘው የማይችል፣ ማንም የግሌ ነው የማይለው፣ ሁሉም በነፃ የሚያገኘው ነገር ፈለገ፤ ደመና። እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ቤተሰቡ በጋውን በሚያሳልፍበት ሌክ ጆርጅ በሚባል ስፍራ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ደመና ብቻ ማንሳት ጀመረ። ዛፍ የለም፣ ተራራ የለም፣ ብዙ ጊዜ የትኛው ጎን ላይ የትኛው ታች እንደሆነ እንኳ አይለይም። በኋላ «ኢኩቫለንትስ» ብሎ ጠራቸው፤ በውስጡ ላለው ስሜት አቻ መሆናቸውን ሲናገር። በአስቂኝ እልህ የተጀመረ ነገር ከፎቶግራፍ ታሪክ ትላልቅ ሥራዎች አንዱ ሆነ። የአዲስ አበባ የሐምሌ ደመና ከሌክ ጆርጅ ደመና በምን ያንሳል? እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ፤ አድልዎ አለብኝ።

ለእኛ ግን ከአሜሪካኖቹ ይልቅ የሚቀርብ አስተማሪ አለ፤ እሱም የቅኔ ቤት ነው። እዚያ መልኩ ቀድሞ የተወሰነ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ልኩም ዜማውም ይታወቃል። ታሪኩም አዲስ አይደለም፤ ከመጻሕፍት የሚመጣ፣ ጉባኤው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዚህ ሁሉ መታሰር ውስጥ ግን አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው፣ የሌላውን ማለት ደግሞ የባሰ ነውር። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማል። በማግስቱ እንደገና ከባዶ ይጀምራል።

ይህ ለፎቶግራፍ አንሺ ምን ይነግረዋል? አንደኛ፣ አዲስነት ከአዲስ ቅርፅ ጋር እንደማይመጣ። አድማስ ከመሃል የተሰመረበት ቀላል ሥዕል ውስጥ ዕድሜ ልክ መሥራት ይቻላል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በየአገሩ ባሕር ዳር እየቆመ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፤ ላይ ሰማይ፣ ታች ባሕር፣ መሃል መስመር። መርከብ የለም፣ ወፍ የለም፣ ጠረፍ የለም። የጥንት ሰው ያየውን እኛም ዛሬ ልናይ እንችላለን ወይ የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ጥያቄው የሱ ስለሆነ ሥዕሉም የሱ ነው። ሁለተኛ፣ የቅኔ ተማሪ የሌሎችን ቅኔ አብዝቶ ይሰማል፤ ካልሰማ ሳያውቅ ይደግማል። «የራሴን አተያይ እንዳያበላሽብኝ የሌላ ሰው ሥራ አላይም» የሚሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እነዚህ ልጆች ሁልጊዜ የሚያነሱት ሌላው ካነሳው ጋር አንድ ነው፤ ምክንያቱም ኢንስታግራምና የሆቴል ግድግዳ ላይ ያለውን ሳያስቡት ጠጥተውታል። ሦስተኛውን፣ የማታውን እርማት፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ብርሃን ልናገር፤ ምክንያቱም የተውሶ አተያይ ከሁሉ በላይ የሚገባው በዚህ በር ነው። የፎቶግራፍ መጽሐፍ ስትገልጡ መጀመሪያ የምታገኙት ምክር በ«ወርቃማው ሰዓት» አንሡ፣ በቀትር አታንሡ የሚል ነው። መጻሕፍቱ የተጻፉት አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ነው። በዚያ ፀሐይ ሰማዩን በሰያፍ ነው የምትወጣው፤ በክረምታቸው ቀኑን ሙሉ አድማስ ላይ ዝቅ ብላ ትውላለች፤ ወርቃማው ብርሃን ለሰዓታት ይቆያል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ ቀጥ ብላ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ትወጣለች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብትወጣ አንድ ሰዓት ሲሆን ለስላሳው ብርሃን ሊያልቅ ነው። ትራይፖድ ሲዘረጋ፣ ሌንስ ሲቀየር፣ ሻይ ሲጠጣ አለቀ። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ፣ ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው እግሩ ሥር ይገባል።

ታዲያ ይህ የእኛ ብርሃን ነው። ኑሮ የሚካሄደው በዚህ ብርሃን ውስጥ ነው፤ እህል የሚወቃው፣ ገበያ የሚሞላው፣ ከብት ውኃ የሚወርደው። መጽሐፉ ስላለ ይህን ሁሉ ሰዓት ካሜራችንን ቦርሳ ውስጥ እንከታለን። ቀትር ጨካኝ ነው፤ ቀለሙን ያጥባል፣ ዓይን ያስጠብባል፣ ጥላ ያጠፋል። ጨካኝነቱን በጨካኝነቱ የሚያነሳ፣ የተጨማደደውን ግንባርና የነጣውን አፈር የሚያሳይ፣ ዋና ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው ግን ብዙ አላየሁም። ያልተነሣ ነገር አልቀረም ለሚል ሰው ይኸውለት ባዶ ሜዳ።

ሁለተኛው የተውሶ ብርሃን የበጋው ፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን ቱሪዝም ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር አወጡ። እንደ ማስታወቂያ ብልህ ነው፤ ፖስተሮቹም ያምራሉ፤ የሚናገሩት ግን ለሩቅ እንግዳ ነው። እኛ ደግሞ እንግዳ ሳንሆን ፖስተሩን አመንን። ክረምት ሲገባ ካሜራ ይቀመጣል፤ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈካ ይወጣል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው ወራት ሁሉ ከሥዕላችን ውጭ ነው።

በነሐሴ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ ስትሄዱ ጣርማ በር ላይ ቁሙ። ከታች፣ ከደብረ ሲና በኩል፣ ጉሙ ገደሉን ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ሸለቆው ይጠፋል፤ ቀጥሎ መንገዱ፤ ቀጥሎ ከፊታችሁ ያለው አጥር። የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ ሲመጣ ከድምፁ በኋላ ሁለት ቢጫ ነጥብ ይታያል፤ መኪናው ራሱ አይታይም። የባሕር ዛፉ መስመር ጥቁር፣ ከዚያ ግራጫ፣ ከዚያ የለም። ገሳ የለበሰ እረኛ በጎቹን እየነዳ በአምስት እርምጃ ርቀት ያልፋል፤ ገሳው ላይ ያለው ውኃ ተንጠልጥሎ ሳይወድቅ ይታያል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ጉሙ በአንድ ቦታ ይቀደድና ከታች የሆነ አረንጓዴ ቁራጭ ማሳ ይወጣል፤ መልሶ ይዘጋል። እዚያ የቆሙ ባለካሜራዎችን ብታዩ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ናቸው፤ ጉሙ እስኪገለጥ ይጠብቃሉ። ሲገለጥ ወርደው ሰፊውን እይታ ያነሳሉ፤ ጉም በሌለበት በማንኛውም ቀን ሊያነሱት የሚችሉትን።

ስለ ካሜራ ብዙ ባልል ይሻላል፤ የሚጠየቀው ግን ሁልጊዜ እሱ ነው። ሰፊ ሌንስ ቅርቡን ያገንናል፣ ሩቁን ይገፋል፤ ረጅም ሌንስ ሩቁን ይስባል፣ የተራራ ሰንሰለቱን አንዱን በሌላው ላይ ይደራርባል። ስሜን ላይ ሁሉም ሰፊውን ስለሚይዝ ረጅሙን መሞከር አንድ ነገር ነው። ስልክም ይበቃል። ከዚህ ያለፈ ክርክር ለሱቅ ይጠቅማል።

ስለ ኤዲት ግን ማለፍ አልችልም። ስልካችን ላይ በአንድ ንክኪ ሰማይ የሚቀይር አፕ አለ፤ ደመናማውን ቀን ወደ ቀይ ጀምበር ይለውጠዋል። አንዳንዱ ውሸት ስለሆነ ይቃወመዋል፤ አዳምስም ሰማዩን አጥቁሯል ሲባል ደግሞ መልስ ያጣል። የእኔ ተቃውሞ ሌላ ነው። የአዳምስ ጥቁር ሰማይ ከራሱ የወጣ ነው፤ ያንን ለማግኘት ዓመታት ጨለማ ክፍል ውስጥ ታግሏል። የአፑ ሰማይ ለሚሊዮን ሰው የታደለ ያው አንድ ሰማይ ነው። ጎረቤታችሁም እሱኑ ለጥፏል። ሥዕሉን የራሳችሁ ሊያደርግላችሁ የሚችለውን፣ በዚያ ቀን በዚያ ቦታ የነበረውን የማያምር ሰማይ፣ አውጥታችሁ ጣላችሁት።

አሁን ወደ ዳሎል እንውረድ፤ የተውሶ ሥዕልና የራስ ሥዕል ጎን ለጎን የሚታይበት ቦታ ስለሆነ። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በዓለም እጅግ ሞቃታማ ከሚባሉት ስፍራዎች አንዱ ነው። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ዝገት የመሰለው መሬት በየመጽሔቱ ወጥቷል፤ ከሥሩ የሚጻፈውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሌላ ፕላኔት ይመስላል። ማን አለበት እዚያ? ጨው የሚቆርጠው አፋር፣ አሞሌውን ጭኖ የሚሄደው ባለግመል። ለእነሱ ሌላ ፕላኔት አይደለም፤ የሥራ ቦታ ነው። ሰው ከሥዕሉ የወጣው ፎቶ አንሺው የጨረቃን መሬት ይዞ ስለመጣ ነው።

አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ወረደች። አይዳ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ውጭ አገር አድጋና ተምራ፣ ለጋዜጣ ፎቶ አንሥታ የተመለሰች፣ አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ናት። ዎተርኤይድ በተባለው ድርጅት ጥያቄ ስለ ውኃ እጦት ሥዕሎች እንድትሠራ ነበር የሄደችው። ስለ ውኃ እጦት ሲባል ሁላችንም ይዘነው የምንሄደው ሥዕል የታወቀ ነው፤ የተሰነጠቀ መሬት፣ ባዶ ጀሪካን፣ ወደ ካሜራው የሚያይ የተራበ ሕፃን። አይዳ ያንን እያወቀች ተወችው። ፊታቸው የተቀባ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሴቶችን በነጩ የጨው ሜዳ ላይ አቆመች፤ እንደ ቴአትር አዘጋጀችው። ውኃ ፍለጋ የምትሄድ ሴት ድካም አለ፣ ግን የምታዝንላት ምስኪን ሆና አልቀረበችም፤ ሜዳው መድረኳ ነው። አንዳንድ ሰው ይህ መልክዓ ምድር አይባልም ይለኛል። ይበል። ዳሎልን ካሳዩኝ ሥዕሎች ሁሉ ያ ቦታ የሰው እንደሆነ የነገሩኝ እነዚያ ናቸው። ሁሉንም አልወድም፤ አንዳንዶቹ ከሜዳው ይልቅ ልብሱ የሚጮህባቸው ይመስለኛል። የማን እንደሆኑ ግን ፊርማው ሳይታይ ይታወቃል።

ሚካኤል ጸጋዬ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ወደ ካሜራ ዞረ። በአዲስ አበባ መቃብሮች ላይ ያሉትን፣ ፀሐይና ዝናብ የበላቸውን የሟቾች ፎቶግራፎች ያነሣባቸው ሥራዎቹ አሉ። ለከተማ ሰው መልክዓ ምድር ማለት ይህም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ርቆ መሄድ አላስፈለገውም።

ርቆ ስላለመሄድ ካነሣን ሾጂ ዌዳን ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ጃፓን ውስጥ በቶቶሪ አካባቢ፣ ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ በ19 ዓመቱ እዚያው ፎቶ ቤት ከፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሞት ድረስ እዚያው ኖረ። አጠገቡ የአሸዋ ክምር ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን በአሸዋው ላይ፣ አንዱን ከሌላው አራርቆ፣ ባርኔጣና ጃንጥላ አስይዞ አቆማቸው። አሸዋው ባዶ መድረክ፣ ሰማዩ ባዶ ግድግዳ ሆነ። በዓለም ያሉ ታላላቅ ሙዚየሞች የሰቀሉት ይህንኑ የጓሮውን አሸዋ ነው።

እንግዲህ የማታው እርማት። የቅኔ ተማሪው ቀን ብቻውን የቆጠረውን ማታ የሚያውቅ ሰው ይሰማዋል። እኛ ፎቶ አንሥተን የምናሳየው ለማን ነው? ለ«ላይክ»። ላይክ የሚሰጠው ሰው ደግሞ የሚያደንቀው የሚያውቀውን ነው፤ የብር ኖቱን ብታሳዩት ወዲያው ይጫናል፣ ቀጭኑን ውኃ ብታሳዩት አልፎ ይሄዳል። በዚህ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሳያውቀው ሁሉን ወደሚመስል ነገር ይታረማል። ይህ ለእኔ ከካሜራ እጦት የከፋ ችግር ነው።

ስለዚህ የምመክረው አንድ ነገር ነው። አምስት ስድስት ሰዎች ተሰባሰቡ። እያንዳንዱ አንድ ሰፈር፣ አንድ ማሳ፣ አንድ የወንዝ ዳር ይምረጥ፤ በእግር የሚደረስ ይሁን። ዓመቱን ሙሉ፣ ክረምቱንም ጨምሮ፣ ይመላለስ። ያነሣውን በስክሪን አያሳይ፤ ፎቶ ቤት ወስዶ በፖስታ ካርድ መጠን ያሳትም፤ ብዙ ወጪ የለውም። ስትገናኙ የሁሉንም ህትመት ስም ሳትጽፉበት ደባልቁና መሬት ላይ ዘርጉት። ከዚያ ሌሎቹ በየባለቤቱ ይለዩት። በቦታው መለየት አይፈቀድም፤ «ይቺ የእንጦጦ ናት፣ ስለዚህ የከበደ ናት» ማለት ማጭበርበር ነው። በአተያዩ ነው የሚለየው፤ አንዱ ሁልጊዜ ወደ ታች ያያል፣ አንዱ አድማስ አይወድም፣ አንዷ ሰው የሄደበትን እንጂ ሰውን አታነሳም። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ህትመት ባለቤት አያገኝም፤ በተለይ የምታፈቅሩት፣ ጀምበሯ ቀልታ የወጣችበት። እሱን ወደ ጎን አድርጉት። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ወዲያው የሚታወቀው አንሺው ራሱ ያፈረበት፣ «ይቺ እንኳ አልተሳካችም» ብሎ ሊያወጣት የነበረች ናት። ከእሷ ጀምሮ መሥራት ይቻላል።

በአዳራሹ ጀርባ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዛሬ ከመጡት ወጣቶች የሰበሰብናቸው ስም ያልተጻፈባቸው ህትመቶች አሉ። አንሺዎቹ እዚሁ በመካከላችሁ ናቸው፤ ዝም እንዲሉ ተነግሯቸዋል። ከጥያቄው በፊት እሱን እንሞክረው፤ ተነሥታችሁ ቅረቡ፣ ከኋላ ያላችሁም ለሌላው ቦታ እየለቀቃችሁ።